የጃርቲ ፓራኦሊዮ

በጃንሆይ ዘመን በወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከጊምቢ እስከ ደምቢዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ አርጆ ቢጠየቅ፣ ገና ጺም ሳያበቅል የመኪና ሞተር ፓራኦሊዮ የለወጠ ሰው ከእኔ በቀር የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላንም እጨምርበት ነበር። እርግጥ እጄ ብሎን አልነካም። ቁልፍ አላነሣሁም፣ ዘይት አልቀዳሁም፣ መዶሻውም ቢሆን ከእኔ የተሻለ ሥራ ባለው ሰው እጅ ነበር። የእኔ ድርሻ በአፌ ነበር። ያለ እኔ አፍ ግን ያ ፓራኦሊዮ እስከ ዛሬ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ይኖር ነበር ብል፣ ካጋነንኩት ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ይኸኛው ነው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ሚኒባስ ደጄ ላይ ጥቂት ቆሞ ሄደ፤ በቆመበት ድንጋይ ላይ ጥቁር የዘይት ኩሬ ጥሎ ነበር። ካፊያው ወርዶ ሲነካው ኩሬው ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም እያወጣ ተዘረጋ፤ ያ የማውቀው ሽታ፣ ከጋለ ብረት፣ ከጎማና ካረረ ወጥ ተቀላቅሎ የተሠራ የሚመስለው ሽታ፣ ከሥሩ ተነሣ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ዣንጥላዬን እንደያዝኩ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ፤ አንዲት ጎረቤቴ «ነጋ ነው ኦቦ?» (ሰላም ነው፣ አቶ ማለቷ ነው) «ምን ጠፋብዎ?» እስክትለኝ ድረስ። የጠፋብኝን ለመንገር ካፊያው አይበቃንም ነበርና «ምንም» ብያት ገባሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ፓራኦሊዮ ማለት የሕፃን አምባር የምታክል የጎማ ቀለበት ናት። በሞተሩ ፊት፣ የሚሽከረከረው ዘንግ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቅ በሚልበት አፍ ላይ ተሰክታ ዘንጉን አቅፋ ትይዛለች፤ ሥራዋ ዘይቱ ውስጥ እንዲቀር ማድረግ ብቻ ነው። እሷ ስታረጅ ሞተሩ አፉን መዝጋት ያቅተዋል፤ ያለውን ሁሉ መንገድ ለመንገድ ያንጠባጥባል። ልጅ ሳለሁ ይህን ሲያስረዱኝ ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ትዝ ይሉኝ ነበር፤ ከሁሉ በፊት ራሴ።

አባቴ የመንዝ ሰው ነበር፤ ጨውና አቡጀዲ ሊነግድ ወደ ነቀምቴ መጥቶ እዚያው የቀረ። ቤታችን የአማርኛ ቤት ነው፤ ከበራችን ውጭ ያለው ዓለም ግን ሁሉ በኦሮምኛ ስለሚሄድ፣ እኔና እኩዮቼ የምንጣላው በኦሮምኛ፣ የምንገረፈው በአማርኛ ነበር። አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ የገዛት ትንሽ የጭነት መኪና ነበረችው። ሰፈሩ «ጃርቲ» ብሎ ስም አወጣላት፤ አሮጊት ማለት ነው። ስሙ ያለ አንዳች ማጋነን የወጣ ነው፤ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ቁልቁለት ላይ ትስላለች፣ በብርድ ጠዋት ደግሞ ደጋፊ ካላገኘች አትነሣም። ትልልቅ ሰዎች በአጠገቧ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያነሡላት ነበር ይባላል፤ ይባላል የምለው ያስወራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

በዚያ ዓመት ጃርቲ የምትፈለገው ለጨው አልነበረም። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ወይንሸት፣ ኑኑ ቁምባ በሚባል ወረዳ ለሚያስተምር መምህር ተድራ እዚያው ትኖር ነበር። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ልጆቿን በምጥ አጥታለች፤ በሁለተኛው ራሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። የነቀምቴ ሆስፒታል ሐኪም አባቴን ጠርቶ «ሦስተኛውን እዚያ እንዳትወልድ። ወሯ ሳይገባ አምጧት» ብሎት ነበር። አሁን ሦስተኛውን ይዛለች። በበጋ ከኑኑ ቁምባ የሚመጣው መንገድ አጥንት ያንገጫግጫል እንጂ ያስኬዳል፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ጭቃውና ወንዙ ተባብረው ከነቀምቴ ይቆርጡታል። ያን ጊዜ ሰው የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ በቃሬዛ ደግሞ እንዲህ ያለች ሴት... እናቴ ይህን ነገር ስትጀምረው እንጂ ስትጨርሰው ሰምቼ አላውቅም። ሌላ መኪና አይፈለግም ነበር ወይ የሚል አይጠፋም። የከተማው መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የመንግሥቶቹ ያለ ትእዛዝ አይወጡም፣ አውቶቡሱም ከዋናው መንገድ አይወርድም። የቀረችን ጃርቲ ነበረች። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል፤ እናቴ ልብስ ልታሰጣ እንኳ ስትወጣ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥላ ጃርቲን ታይ ነበር፤ በሁለቱም ተስፋ የቆረጠች ትመስላለች።

አባቴ ለመሄድ ሲሰናዳ ነው ከጃርቲ ሥር ያ ጥቁር ኩሬ የታየው። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የተጠረጠርኩት። ቀስ በቀስ ግን ኩሬው በየጠዋቱ እየሰፋ፣ እሷም ለአንድ ቀን መንገድ የሚበቃውን ዘይት ገና ከተማ ሳትወጣ የምትጨርስ ሆነች፤ ያለ ዘይት ደግሞ ሞተሯ በየትኛው ጫካ መሀል ነክሶ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። አባቴ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ለምኖ ፓራኦሊዮዋን ከአዲስ አበባ አስመጣ። በቅባት ወረቀት ተጠቅልላ መጣች፤ አንዲት ብቻ። እሷ ብትበላሽና ሌላ ቢታዘዝ ክረምቱ ቀድሞ ይገባል። እናቴ ተቀብላ ከነወረቀቱ ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀመጠቻት።

ፓራኦሊዮ መለወጥ በአገር ቤት መዶሻ የሚሆን አይደለም። አሮጌዋን ለማውጣት ከፊቷ ያለውን ትልቅ የብረት ጎማ፣ ሜካኒኮቹ ፑሌጃ የሚሉትን፣ መንቀል አለ፤ እሱን ቢመቱት ይሰበራል እንጂ አይወጣም፤ የሚወጣው እንደ ሸረሪት ያለ ባለ ሦስት እግር መንቀያ ከኋላው ነክሶ ሲስበው ነው። አዲሷን ለማስገባት ደግሞ ልኳን የያዘ፣ ዙሪያዋን እኩል የሚገፋ የብረት ቀለበት ያስፈልጋል፤ አንድ ጎኗ ቀድሞ ከገባ ትጣመማለች፣ የተጣመመች ፓራኦሊዮ ደግሞ የሞተች ናት። ነቀምቴ ውስጥ አንድ መንቀያና አንድ መግጠሚያ ነበር። ሁለቱም ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ ከፍቶ ያረጀ የአንድ ጣሊያን ንብረት ነበሩ። ጣሊያኑ ታሞ ወደ አገሩ ሲሄድ የመሣሪያ ሣጥኑን «ልጆቼ» ለሚላቸው ሁለት ሠራተኞቹ አካፈለ፤ የማውጫውን ወገን ለኦቦ ፉፋ፣ የማስገቢያውን ወገን ለኦቦ ጅሬኛ። እንዳይለያዩ ብሎ ነው ይሉ ነበር። እውነትም ለዓመታት በአንድ ጋራዥ አብረው ሠሩ፣ ከአንድ ሳህን በሉ፣ እሑድ እሑድም በወንጌላውያን ጸሎት ቤት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ያጣላቸው ጸሎት ነው። ኦቦ ጅሬኛ ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ በሩን ዘግቶ አረቄ መቅመስ ጀምሮ ነበር፤ ጠጪ በማይገባበት ጉባኤ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚያውቀውም ኦቦ ፉፋ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ የምልጃ ጸሎት ሲደረግ ኦቦ ፉፋ ተነሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው እየወረደ «ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ጅሬኛን ከአረቄው አውጣልን» ብሎ ጸለየ። ጉባኤው ሁሉ «አሜን» አለ። ኦቦ ጅሬኛም እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ «አሜን» ካለ በኋላ ነው የተባለውን ያስተዋለው ይላሉ። በማግስቱ መግጠሚያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጋራዡ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ኦቦ ፉፋ በከተማው አንድ ጫፍ በቡርቃ ጃቶ፣ ኦቦ ጅሬኛ በሌላው ጫፍ በበከኒሳ ቀሴ ሆኑ። አንዱ የሌላውን ደጅ ላይረግጥ፣ አንዲትም ቃል ላይናገረው ማለ። ሽማግሌ ያልገባበት ቀን የለም። «ምን በደለህ?» ሲሉት ኦቦ ጅሬኛ «ጸለየልኝ» ይላል፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ወደ ኦቦ ፉፋ ሄደው «ይቅርታ በለውና ይለቅ» ሲሉት ደግሞ «ለጸለይኩት ጸሎት ይቅርታ ከጠየቅሁ ጌታን ምን ልለው ነው?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ለዚህ ነው ነገሩ መድኃኒት ያጣው። ዘይት የምታፈስ መኪና ያለው ሰውም በቡርቃ ጃቶ አሮጌዋን አስነቅሎ፣ የሞተሩን አፍ በጨርቅ ሸፍኖ፣ መኪናውን በበሬ እያስጎተተ ከተማውን አቋርጦ በበከኒሳ ቀሴ አዲሷን ያስገጥም ነበር። ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው አፏን ታስራ በገበያ መሀል የምትጎተት መኪና ከነቀምቴ በቀር የትም አልታየችም። አንዷ በመንገድ ላይ ስንት ቁና አቧራ እንደቃመች እንጃ፣ በሳምንቷ ሞተሯ ተፈጭቶ ቆመ።

አባቴ ይህን ያውቅ ነበርና ጃርቲን አላስጎትትም አለ። መጀመሪያ ወደ አንዱ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ሄደ፤ እኔም ተከትዬው ነበር። አባቴ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መሬት መሬቱን እያየ የወይንሸትን ነገር፣ የሁለቱን ሕፃናት ነገር፣ የሐኪሙን ቃል ተናገረ። ኦቦ ፉፋ ሰምቶ ሲያበቃ መንቀያውን ከግድግዳው አወረደና «የእሱ ደጅ ግን አልሄድም» አለ። ኦቦ ጅሬኛ ደግሞ «እጄ ይመጣል ኦቦ ተክሌ። አፌ ግን ቤት ይቀራል» አለው። የእኛ ግቢ የማንኛቸውም ደጅ ስላልሆነ እዚያ እንዲሠሩ ተስማሙ። የቀረው የአፍ ጉዳይ ነበር፤ ፓራኦሊዮ ያለ ንግግር አይገጠምማ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው አይቶ ልክ ነው፣ አይደለም ማለት አለበት። አባቴ ዞሮ አየኝ። «ያ አፍህ ስንት ጊዜ አዋርዶኛል» አለኝ፤ «ዛሬ ለእግዜር ሥራ ይዋል።»

እንዲህ ነው ከኦሮምኛ ወደ ኦሮምኛ አስተርጓሚ ሆኜ የተሾምኩት። ሁለቱ ሰዎች ክንድ በማይሞላ ርቀት በጃርቲ አፍንጫ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ እኔ መሀላቸው፣ ራዲያተሩ ወርዶ ባዶ በቀረው ቦታ ፊት ለፊት ተንበርክኬያለሁ። ኦቦ ፉፋ ረጅምና ቀጭን፣ ሲሠራ በአፍንጫው መዝሙር የሚያዜም ሰው ነበር፤ ኦቦ ጅሬኛ አጭርና ሰፊ፣ ለእያንዳንዱ ብሎን የተለየ ንጹሕ ጨርቅ የሚዘረጋ። እናቴ ከበሩ መለስ ብላ ትሰማለች፤ አባቴ ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል።

መንቀያው ሦስት እግሩን ዘርግቶ ፑሌጃውን ነከሰው፤ ኦቦ ፉፋ መሀል ያለውን ጠመዝማዛ ሲያጠብቅ አንዳች እንደ ጥርስ የሚያፏጭ ድምፅ ወጣና ብረቱ እሺ አለ። አሮጌዋ ፓራኦሊዮ ከንፈሯ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቃ ወጣች። ኦቦ ፉፋ ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢልመ ኮ፣ ኢቲ ሂሚ» አለኝ፤ ልጄ፣ ንገረው ማለቱ ነው። «ዘንጉ ላይ ጭረት የለም በለው።»

ዞርኩ። «ዘንጉ ላይ ጭረት የለም ይላሉ።»

ኦቦ ጅሬኛ ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰምቶታል፤ መስማቱንም አይቻለሁ፤ ግን እኔ እስክነግረው ድረስ ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም ነበር። አሁን ራሱን ነቀነቀ። «በዓይኑ አይቶ ነው በጣቱ ዳሶ በለው።»

«በጣቴ ነው በለው። ሽማግሌው ጣሊያን ያስተማረንን አልረሳሁም በለው።»

«እሱ የማይረሳው ብዙ ነው በለው።»

አፌን ስከፍት እናቴ ከበሩ ውስጥ በአማርኛ «እሷን ተዋት» አለችኝ። ተውኳት።

እንዲህ እያልን እኩለ ቀን አለፈ። ስለ ብሎኑ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ዘይቱ የሚባለው ሁሉ በእኔ በኩል ዞረ፤ ምላሴ ደረቀ፣ አንገቴም ከመዞር ብዛት ጃርቲ ካለባት ይልቅ ዘይት የፈለገ መሰለኝ። መቼም ያለኝን ከመጨመር አልመለስምና፣ አንዴ ኦቦ ፉፋ «ፋኖሱን ያውሰኝ» ሲለኝ «ወንድሜ፣ እባክህ ፋኖሱን አውሰኝ ይላሉ» ብዬ ለኦቦ ጅሬኛ አደረስኩ። ኦቦ ጅሬኛ ፋኖሱን አቀበለኝና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ሁለቱ ቃላት ከእሱ አይደሉም» አለኝ ቀስ ብሎ። «የራስህን ስኳር አትጨምርበት፣ ልጄ። ልኩ ይበላሻል።» ከዚያ ወዲያ አልጨመርኩም። ፊቱን እንዲያ ያየ ልጅ አይጨምርም።

አዲሷን ፓራኦሊዮ እናቴ ከሥዕሉ ሥር አንሥታ በሁለት እጇ አመጣቻት። ኦቦ ጅሬኛ ከንፈሯን በንጹሕ ዘይት አራሰ፤ በአውራ ጣቶቹ ከዘንጉ አፍ ላይ አስቀመጣት፤ ከላይዋ ያን የብረት ቀለበት አደረገና ትንሿን መዶሻ አነሣ። የሚመታው ሰው ቀለበቱ ስለሚከልለው ፓራኦሊዮዋን አያያትም፤ በጎን ሆኖ የሚያይለት ዓይን ያስፈልገዋል። ኦቦ ፉፋ ጉንጩን ከሞተሩ ጋር አጣብቆ አጎነበሰ። ኦቦ ጅሬኛ ይመታል፤ ኦቦ ፉፋ ለእኔ «ልክ ነው» ይላል፤ እኔ ለኦቦ ጅሬኛ «ልክ ነው» እላለሁ፤ ሌላ ይመታል።

በዚህ መሀል ሰማዩ አጉረመረመ። ከባህር ዛፎቹ ጫፍ ቀዝቃዛ ነፋስ ወረደና የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጠብታዎች በጃርቲ ጣራ ላይ ጠብ ጠብ አሉ። አባቴ መለካቱን አቁሞ ወደ ሰማይ አየ፤ እኔም አየሁ። ኦቦ ጅሬኛ ውሃው ክፍት በሆነው ሞተር ሳይገባ ልጨርስ ብሎ ነው መሰለኝ መዶሻውን አፋጠነ፤ የእኔን «ልክ ነው» ሳይጠብቅ መታ፣ ደግሞ አነሣ። ፓራኦሊዮዋ በላይ በኩል ቀድማ ሰምጣለች፤ አንዲት ምት ብትደገም ታጥፋ ትቀራለች፤ ይህን ያየ ኦቦ ፉፋ ብቻ ነበር። ፊቱን ወደ እኔ ሲመልስ አየሁት። አፉ ተከፍቷል። በእኔ በኩል ለማዞር ጊዜ አልነበረም፤ «ተው» የምትል አንዲት ቃል፣ ለሰውየው ለራሱ፣ ትበቃ ነበር። አላላትም። እጁን ከመዶሻው ሥር ሰደደው።

የጣት አጥንት ሲሰበር የደረቀ እንጨት ድምፅ የለውም፤ ሰዎች እንደዚያ ሲሉ እሰማለሁ፣ ውሸት ነው። የሰማሁት ብረቱ ሳይጮህ መቅረቱን ነው። መዶሻው ከኦቦ ጅሬኛ እጅ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። ኦቦ ፉፋ እጁን በብብቱ ከቶ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ አልጮኸም። ሁለቱ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አሁን ይናገረዋል ብዬ ጠበቅሁ። ኦቦ ጅሬኛ ግን ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ያመዋል ወይ በለው» አለኝ።

«ያምዎታል ወይ ይላሉ።»

«በላይ በኩል ቀድማ ገብታለች በለው። በታች በኩል ቀስ አድርጎ ይምታ በለው።»

«በላይ በኩል ቀድማ...»

«የጠየቅሁት ስለ ጣቱ ነው በለው።»

«ስለ ጣትዎ ነው የጠየቅሁት ይላሉ።»

«እኔ ስለ ፓራኦሊዮዋ ነው የምመልሰው በለው» አለ ኦቦ ፉፋ፤ ድምፁ ግን መሀሉ ላይ ተሰበረ።

ያን አድርሼ ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ እጁን ጠቀለለችለት። አባቴ በዝናቡ መሀል ካፖርቱን አውልቆ በሞተሩ ላይ እንደ ድንኳን ያዘ። ኦቦ ጅሬኛ መዶሻውን ከጭቃው አንሥቶ ጠረገ፤ ከዚያ በታች በኩል፣ እንቁላል እንደሚነካ ሰው፣ መምታት ጀመረ። ኦቦ ፉፋ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎንብሶ ያያል፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ራሱን ይነቀንቃል፤ ኦቦ ጅሬኛም ያንን ንቅናቄ አይቶ ይቀጥላል። ራስ መነቅነቅ ቃል አይደለምና መሐላ አያፈርስም። እኔን የሚፈልገኝ አልነበረም። ሹመቴ ያኔ አበቃ።

ፑሌጃውና ራዲያተሩ ተመልሰው ጃርቲ ስትነሣ አባቴ ነጭ አቡጀዲ ከሥሯ ዘረጋ። ሁላችንም በዝናቡ ተንበርክከን ያን ጨርቅ አየነው፤ እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጨርቁ በዝናቡ ረጠበ እንጂ ጥቁር ጠብታ አልታየበትም። አባቴና እናቴ ፍራሽና ብርድ ልብስ ጭነው ወዲያው ተነሡ። ኦቦ ፉፋ ወደ ሆስፒታሉ ሲያዘግም፣ ኦቦ ጅሬኛ የኦቦ ፉፋን ባለ ሦስት እግር መንቀያ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወደ ቡርቃ ጃቶ ሲወርድ አየሁ። ተከትዬው ሄድኩ። ደጁ ጋ ሲደርስ ከአጥሩ ውጭ አስቀመጠው፤ እንዳይረጥብ ጃኬቱን አልብሶት፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሳያስገባ ተመለሰ።

አባቴና እናቴ ሲመለሱ ወንዙ እስከ ጃርቲ በር ደርሶ ነበር። እኔ ይህን ስተርክ ወንዙን ከጣራዋ በላይ አደርገዋለሁ፤ እናቴ በምትናገርበት ጊዜ ግን እስከ በሯ ነበር፣ እሷ ደግሞ ጋቢናው ውስጥ የእትዬ ወይንሸትን ራስ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ከእነሱ በኋላ በዚያ መንገድ ያለፈ መኪና የለም፤ እስከ መስከረም ተዘጋ። እትዬ ወይንሸት በሆስፒታሉ በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ወለደች። «ቤቷ ብትሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረ ሐኪሙ፤ እሱም እንደ እናቴ አልጨረሰውም። ልጁን በረከት አለችው።

ሁለቱ ሰዎች አልታረቁም። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይቀየሙኛል፤ አንዳንዴም ስለሚያሳዝኑኝ አስታርቃቸዋለሁ። እውነቱ ግን አልታረቁም። ዘይት የምታፈስ መኪና ስትመጣ ግን በበሬ መጎተቱ ቀረ፤ ወደ እኛ ግቢ ትመጣለች፣ ሁለቱም መሣሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ኦቦ ፉፋ በተጣመመው ጣቱ የብርሃኑን አቅጣጫ ሲያሳይ ኦቦ ጅሬኛ ጣቱን ላለማየት ፋኖሱን ያያል። ኦቦ ጅሬኛ የሞተ ጊዜ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ኦቦ ፉፋ ነበር። ከመቃብሩ ላይ «አንተ ጸልይለት» ሲሉት እምቢ ብሎ ወደ ኋላ ሲሸሽ አይቻለሁ። የኦቦ ጅሬኛ ልጅ መግጠሚያውን በዚያው ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ላከችለት። ጣሊያኑ የከፈለው ሣጥን ተመልሶ አንድ ሆነ፤ ኦቦ ፉፋ ግን ከዚያ ወዲያ ፓራኦሊዮ የሚባል ሥራ አልተቀበለም። ለምን ሲሉት «የሚያይልኝ የለም» ይል ነበር።

ግቢያችን ዛሬ ሱቆች ሆኗል፤ ከሱቆቹ አንዱ ፓራኦሊዮ ይሸጣል፣ በየልኩ በፕላስቲክ ታሽጋ ትሰቀላለች። ልጆቹ ቡና ሳይቀዘቅዝ ይለውጧታል፤ ጎበዞች ናቸው፣ የድሮው ይሻል ነበር አልልም። ጃርቲ የጎማ ጋሪ ሆናለች፤ አባቴና እናቴ የሉም፤ እትዬ ወይንሸትም አምና ሄደችብን።

አፌ ያጠፋው በእሷ ለቅሶ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲከብደኝ፣ እንደ ልማዴ ላቅልላቸው ብዬ ይህንኑ የጃርቲን ነገር ማውራት ጀመርኩ። ሰዉ ፈገግ፣ ከዚያም ሳቅ ሳቅ ሲል በዚያው ቆሜ መተው ነበረብኝ። በረከት አዲስ አበባ ሥራ ይዞ፣ በእናቱ የሕመም ወራት ሳይመጣ ቀርቶ ለቀብር ነበር የደረሰው። እኔም «ያኔ እሱን ለማምጣት የሰው ጣት ተሰበረ፤ እሱ ግን እናቱን ለማየት ጎማም አልፈነዳበት» አልኩ። ድንኳኑ ሳቀ። እሱ ተነሥቶ ወጣ። ፈቃድ ከልክለውት እንደነበረ፣ በየማታው ስልክ ይደውልላት እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው።

አሁን ሥራውን ወደ ነቀምቴ አዛውሮ በእናቱ ቤት ይኖራል፤ አጥራችን አንድ ነው። አንነጋገርም። የሚያስፈልገው ነገር ሲኖር ትንሿ ልጁ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ «አባዬ ውሃ ሄዶባችኋል ወይ ይላል» ትለኛለች፤ እኔም «ሄዶብናል በይው» እላታለሁ፤ እሱ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሲሰማኝ ጫማው ይታየኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በወለጋ ምድር የማያስቅ ነገር የሌለኝ ሰው፣ አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቀው ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄጄ፣ የምናገረው ጠፍቶኝ ተመልሻለሁ።